ቆርቆሮ ላይ ፎቶ ማንሳት፦ ለአዲስ አበባ ከፍታ የተስተካከለ አሠራር

መጀመሪያ ያነሳሁት የቆርቆሮ ፎቶ የአከራዬን የግቢ በር ነበር። በሩ አልወጣም። የወጣው የአውራ ጣቴ አሻራ ነው። ሁለተኛው ላይ ጉም ብቻ ታየ። ሦስተኛው ጥሩ ነበር፤ ግን ሳጥበው እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተገፎ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ለፋሁ። ጥፋቱ የእጄ ይመስለኝ ነበር። ግማሹ አዎ፣ የእጄ ነው። ግማሹ ግን የከፍታው ነው። የምከተላቸው መመሪያዎች በሙሉ ባሕር አጠገብ ላሉ ከተሞች የተጻፉ ናቸው። እኔ ያለሁት ፒያሳ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። አየሩ ስስ፣ ፀሐዩ ብርቱ፣ ውሃው ደግሞ በተራ የሚመጣ።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ለዚህ ከተማ ነው። ድሬዳዋ ያላችሁ ሴኮንዶቹን እንደ አገራችሁ ሙቀት አስተካክሉ።

ስሙና ታሪኩ፣ ባጭሩ

ፈረንጆቹ "ቲንታይፕ" ይሉታል፤ የቆርቆሮ ምስል እንደ ማለት ነው። በእነሱ ቋንቋ ስሙ የተሳሳተ ነው። ቲን የሚባለው ማዕድን በውስጡ የለም፤ ጥቁር የተቀባ ስስ የብረት ላሜራ ነው። በእኛ አነጋገር ግን ስሙ ልክ ይመጣል። የጣሪያችን ቆርቆሮም እኮ ብረት ነው።

ኬሚስትሪው የወጣው በ1851 እ.ኤ.አ. ነው። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ስኮት አርቸር ኮሎዲዮን የተባለውን ዝልግልግ ፈሳሽ መስታወት ላይ አፍስሶ፣ ብር አጠጥቶ፣ ሳይደርቅ ፎቶ ማንሳት እንደሚቻል አሳተመ። በ1853 ፈረንሳዊው አዶልፍ አሌክሳንደር ማርቲን በመስታወቱ ፋንታ ብረት ተጠቀመ። በ1856 አሜሪካዊው ሃሚልተን ስሚዝ የፈጠራ መብት አወጣበት። ብረት አይሰበርም፣ ርካሽ ነው፣ በፖስታ ይላካል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ወታደሩ እየተነሳ ለቤተሰቡ ይልከው ነበር።

እኛም ከዚህ ነገር ሩቅ አይደለንም። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ የሚያነሱ መሐንዲሶች ይዞ ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ልዑል ዓለማየሁን እንግሊዝ አገር ያነሳችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የሠራችው በዚሁ በእርጥብ ኮሎዲዮን ነው፤ ብረት ላይ ሳይሆን መስታወት ላይ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ግን ዓለም ወደ ደረቅ ፕሌት፣ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ደርቆ ወደሚቀመጥ መስታወት፣ ተሻግሮ ነበር። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቤተ መንግሥቱን ሲያነሱ የኖሩት አርመኖቹ ቦያጂያኖችም በዚህ አልሠሩም። ከተማችን የቆርቆሮውን ዘመን ዘላዋለች። ስለዚህ "እስቲ ጋሼ፣ እንዴት ነበር?" ብላችሁ የምትጠይቁት የድሮ ፎቶ ቤት ሠራተኛ አታገኙም። ፊልም ያጠቡትን ታገኛላችሁ፤ እነሱም ብዙ ያስተምራሉ።

መጀመሪያ የሚያስፈራውን

ይህን ክፍል ዘላችሁ ወደ ማፍሰሱ እንዳትሄዱ።

ኮሎዲዮን ውስጥ ኤተር የተባለ ቶሎ የሚተንና የሚቀጣጠል ፈሳሽ አለ። ኤተር ባሕር ወለል ላይ 34.6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ይፈላል። እዚህ፣ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል፣ 26 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። የመጋቢት ከሰዓት በኋላ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ውስጥ፣ ያ ሙቀት ሩቅ አይደለም። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይወጣም። ወለል ለወለል ይሄዳል። በበሩ ስር አልፎ ጎረቤት የቡና ከሰል ጋ ሊደርስ ይችላል። ከደረሰ እሳቱ ተመልሶ ወደ እናንተ ይመጣል። ስለዚህ በሥራ ቀን ግቢው ውስጥ ቡና አይፈላም፣ እጣን አይጨስም፣ ሲጋራ የለም። እኔ አከራዬን ቀድሜ እነግራቸዋለሁ። "እንግዲያው ቡናውን ጎረቤት እጠጣለሁ፤ አንተም ቶሎ ጨርስ" ይሉኛል።

ጠርሙሱን ቤት ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጡ። ቀዝቃዛ ስለሆነ ጥሩ ይመስላል፤ ግን ፍሪጁ ሲነሳና ሲያጠፋ ብልጭታ አለው። የተጠራቀመ የኤተር ትነት ደግሞ ብልጭታ ነው የሚጠብቀው። ጠርሙሱን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ፣ ጥላ ቦታ አቁሙት። ስትከፍቱትም ቀስ እያላችሁ።

ሁለተኛው ሲልቨር ናይትሬት ነው፤ ገንዳ ውስጥ በውሃ ሟሙቶ ላሜራው የሚጠጣው ብር እሱ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል። የፕላስቲክ መነጽር ሳታደርጉ ገንዳውን አትንኩ። ጣት ላይ ሲነካ ወዲያው አይታይም። ፀሐይ ሲያገኘው ይጠቁራል፤ እንደ እንሶስላ ነው፣ ቀለሙ ብቻ የሐዘን። ቢታጠቡት አይለቅም፣ ቆዳው ራሱ እስኪቀየር መጠበቅ ነው። ጓንት አድርጉ። እኔ አንድ ጊዜ ሳላደርግ ቀርቼ ሠርግ ሄጄ ነበር። ምግብ ሳነሳ ሁሉም ጣቴን ያያል።

ሦስተኛው ሳያናይድ ነው። የድሮዎቹ ምስሉን የሚያጸኑት በእሱ ነበር፤ አንዳንድ የዛሬ ባለሙያዎችም ይጠቀሙበታል። ከአሲድ ጋር ከተገናኘ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል፤ ከሳፋው አጠገብ ያለው ዲቨሎፐር፣ ማለትም ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ፣ ደግሞ አሲድ አለው። እናንተ ሃይፖ (ሶዲየም ታዮሰልፌት) ተጠቀሙ። በጋራ ግቢ፣ ልጆች በሚሮጡበት፣ ሳያናይድ የሚያስገባ ሰው እብድ ነው።

ዕቃ መሰብሰብ

ካሜራው ትልቅ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም ላሜራው ምስሉን የሚያክል ነው። ባለ 4 በ5 ኢንች አሮጌ የእንጨት ካሜራ ካገኛችሁ እሰየው። ካላገኛችሁ አናጺ ዘንድ ሂዱና ከኮምፔንሳቶ ሁለት ሳጥን አሠሩ፤ አንዱ በሌላው ውስጥ እንደ ክብሪት ቤት የሚንሸራተት። ፊቱ ላይ ሌንስ፣ ጀርባው ላይ ለማነጣጠሪያ ጭጋጋማ መስታወት። ውስጡን ጥቁር ቀቡት። ሌንሱን እኔ ያገኘሁት ምን አለሽ ተራ ነው፤ ከተበታተነ አሮጌ ፕሮጀክተር የወጣ። ሻጩ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ እኔም አላውቅም ነበር፤ ተከራክረን ተስማማን። መዝጊያ አያስፈልገውም። ጊዜው በሴኮንድ ስለሚቆጠር ባርኔጣ ወይም ክዳን ይበቃል።

ላሜራውን በተመለከተ ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ ዋንጫና ሜዳሊያ የሚሠሩ ቤቶች ስም የሚቀርጹበት ጥቁር አልሙኒየም ነው። ፊቱ ላይ ስስ ፕላስቲክ ተለጥፎበት ይመጣል፤ ልትሠሩ ስትሉ ብቻ ላጡት፣ አቧራ አይነካውም። ሁለተኛው የብረት ላሜራ ቆርጦ በፎርኖ የደረቀ ጥቁር የመኪና ቀለም ማስቀባት ነው። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ርካሽ ስፕሬይ ቀለም ኤተር ሲነካው ይሟሟል። ጥጥ በኮሎዲዮን ነክራችሁ ጥግ ላይ ፈትጉ። ጥጡ ከጠቆረ ቀለሙን መልሱለት።

ኬሚካሎቹ ኮሎዲዮን፣ ሲልቨር ናይትሬት፣ ፌረስ ሰልፌት፣ ግላሲያል አሴቲክ አሲድ፣ ሃይፖ እና ንጹህ አልኮል ናቸው። አብዛኛውን ለላቦራቶሪ የሚያቀርቡ ሻጮች ዘንድ ጠይቁ፤ ለምን እንደምትፈልጉት በግልጽ ንገሯቸው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ ኮሎዲዮን በሻንጣው እንዲያመጣላችሁ አትጠይቁ፤ አውሮፕላን ላይ ክልክል ነው፣ ክልከላውም ልክ ነው። መድኃኒት ቤት "ፍሌክሲብል ኮሎዲዮን" የሚባል ቁስል ላይ የሚቀባ ቢሰጧችሁ አትውሰዱ። የጉሎ ዘይትና ካምፎር ስላለበት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሲቻል አዮዳይድና ብሮማይድ ጨዉ የገባበትን፣ ለፎቶ የተዘጋጀውን ፈልጉ። ጨው ራሳችሁ መቀመሙን ለሁለተኛው ዓመት ተዉት።

አልኮሉ ቢያንስ 95 በመቶ ይሁን። አንድ ጓደኛዬ "ደህና የደብረ ብርሃን አረቄ አይሠራም?" ብሎኝ ነበር። አይሠራም። ለሌላ ነገር ይሠራል።

ውሃው ዲስቲልድ መሆን አለበት። የመኪና ዕቃ መሸጫ ያለው የባትሪ ውሃ ብዙ ጊዜ ይሆናል፤ የባትሪ አሲዱን እንዳታነሱ ብቻ። መፈተኛው ቀላል ነው። በንጹህ ብርጭቆ ትንሽ ውሃ ቅዱና አንድ ጠብታ የሲልቨር ናይትሬት ውሃ ጨምሩ። ንጹህ ሆኖ ከቀረ ግዙት። ወተት ከመሰለ ክሎራይድ አለበት። የቧንቧ ውሃ ሁልጊዜ ወተት ይመስላል።

ጨለማ ክፍል ከሰርቪስ ቤት

የእኔ ጨለማ ክፍል ከግቢው ጀርባ ያለ ሰርቪስ ነው፤ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል። መስኮቱን በጥቁር ፕላስቲክና በካርቶን ደፈንኩ። እርጥብ ኮሎዲዮን ቀይ አያይም። ስለዚህ ከዘመናዊ ፊልም በተለየ፣ ቀይ አምፖል አብርታችሁ እየታያችሁ መሥራት ትችላላችሁ። መብራት ሲጠፋ ሥራው እንዳይቆም በባትሪ የሚሠራ ቀይ የራስ መብራት ያዙ። አምፖሉ በእርግጥ ቀይ መሆኑን ፈትኑ፤ አንዳንዱ ቀይ የሚመስል ሰማያዊም ያፈሳል። የተዘጋጀ ላሜራ ላይ ሳንቲም አስቀምጡ፣ ሁለት ደቂቃ ከመብራቱ ስር አቆዩት፣ ከዚያ አጠቡት። የሳንቲሙ ክብ ከታየ መብራቱ ይቀየር።

አየር መግቢያ ከታች፣ መውጫም ከታች ይኑረው። ምክንያቱን ከላይ ተናግሬያለሁ። ኮሎዲዮን ማፍሰሱን እኔ ውጭ፣ ጥላ ስር ነው የማደርገው። ብር እስኪጠጣ ድረስ ብርሃን አይጎዳውም፤ ስለዚህ ኤተሩን ክፍል ውስጥ የምታስገቡበት ምንም ምክንያት የለም።

ሮቶ ከሌላችሁ ቢያንስ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልታችሁ ጀምሩ። ሰው አስቀምጣችሁ፣ ፎቶው ሊወጣ ሲል ውሃ ሄደ ማለት ያሳፍራል።

መበጥበጥ

የብሩ ውሃ፦ ለ1 ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ከ70 እስከ 90 ግራም ሲልቨር ናይትሬት። ሲሟሟ በወረቀት አጥሩት። ከዚያ ኮሎዲዮን የተቀባ አንድ ላሜራ ሌሊቱን ውስጡ ነክራችሁ አሳድሩ። ይህን ካላደረጋችሁ አዲሱ ብር ከመጀመሪያዎቹ ላሜራዎች አዮዳይዱን ይበላል። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 4 አካባቢ ይሁን፤ ከፍ ካለ የናይትሪክ አሲድ አንድ ጠብታ ብቻ።

ዲቨሎፐር፦ 355 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 15 ግራም ፌረስ ሰልፌት፣ 14 ሚሊ ሊትር ግላሲያል አሴቲክ አሲድ፣ 18 ሚሊ ሊትር አልኮል። ሲጠቀሙበት ለስላሳ አረንጓዴ ነው። እንደ ሻይ ሲቀላ ድፉትና አዲስ በጥብጡ።

ማጽኛው፦ 200 ግራም ሃይፖ በ1 ሊትር ውሃ።

ሦስቱን ማንኪያና ሳፋ በፍጹም አታቀያይሩ። አንዲት የሃይፖ ጠብታ የብሩን ገንዳ ታበላሻለች። እኔ ሳፋዎቹን በቀለም ለይቻለሁ፤ ቀዩን ሳፋ ከብሩ ጠረጴዛ አጠገብ ማየት አልፈልግም።

ማፍሰስ

ሥራው ያለው እዚህ ነው። ሌላውን ሁሉ በንባብ ትይዙታላችሁ፤ ይህን ግን እጅ ነው የሚማረው።

እንጀራ የምትጋግር ሴት ሊጡን ከዳር ጀምራ እያዞረች ወደ መሃል ትመጣለች። ኮሎዲዮን ተቃራኒ ነው። ላሜራውን በግራ እጃችሁ፣ ከታች በግራ በኩል ያለውን ጥግ ይዛችሁ፣ ጠፍጣፋ አድርጉት። መሃሉ ላይ የላሜራውን ግማሽ የሚሸፍን ኩሬ አፍስሱ። አትሳሱ። ከዚያ ኩሬውን በማዘንበል ወደ ላይኛው ቀኝ ጥግ ውሰዱት፣ ቀጥሎ ወደ ላይኛው ግራ፣ ቀጥሎ ጣታችሁ ወዳለበት፣ መጨረሻ በታችኛው ቀኝ ጥግ ትርፉን ወደ ጠርሙስ መልሱ። ያፈሰሳችሁበት ጠርሙስና የምትመልሱበት ጠርሙስ የተለያዩ ይሁኑ፤ አቧራ ይዞ ነው የሚመለሰው። እየተንጠባጠበ ሳለ ላሜራውን ወደ ግራና ቀኝ ወዝውዙት፤ አለዚያ መስመር መስመር ይሠራል። እንጀራ ዓይን ሲኖረው ያምራል። ኮሎዲዮን ላይ አንድም ዓይን አንፈልግም። አረፋ ካያችሁ እስትንፋስ ሳይሆን የጣት ጫፍ ይንካው።

አሁን ከፍታው ይመጣል። ኤተሩ ሲተን ፈሳሹ እንደ ጄሊ ይረጋል። መመሪያዎቹ ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ ጠብቁ ይላሉ። እኔ ያን ያህል ስጠብቅ ጠርዙ ይደርቅብኝ ነበር። የደረቀ ቦታ ብር አይጠጣም፤ ምስል አይወጣበትም፣ ሲታጠብም ይገፈፋል። ያ የተላጠው ሦስተኛ ፎቶዬ እንግዲህ ይኸው ነው። በበጋ፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር አየሩ ሲደርቅ፣ አሁን ከ6 እስከ 8 ሴኮንድ ነው የምቆየው። በክረምት ዝናብ እያለ እስከ 12 ሴኮንድ ይሄዳል። ሰዓት ግን ዋናው ነገር አይደለም። ትርፉ የፈሰሰበትን ጥግ በጓንት ጣት ንኩ። ከተጣበቀና ክር ከሳበ ገና ነው። አሻራ ትቶ ጣታችሁ ላይ ምንም ካልቀረ ያኔ ነው።

ጠርሙሱ ተከፍቶ በተዘጋ ቁጥር ኤተሩ ይቀንሳል፣ ኮሎዲዮኑም ይወፍራል። ሲወፍር ኤተር ብቻ አትጨምሩበት። ግማሽ በግማሽ ከአልኮል ጋር ቀላቅላችሁ ጥቂት ጥቂት ጨምሩ። አልኮል በዝግታ ስለሚተን ለዚህ አየር ትንሽ ፋታ ይሰጣል።

ከረጋ በኋላ ቀይ መብራት ስር፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ሳታቆሙ ወደ ብሩ ገንዳ አስገቡት። መሃል ላይ ከቆማችሁ መስመር ይወጣል። ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይጠጣ። ስታወጡት ፊቱ ላይ ዘይት የተቀባ የሚመስል መንሸራተት ካለ ገና ነው፣ መልሱት። ውሃው እኩል ሲሸፍነው ዝግጁ ነው። ጀርባውንና ጠርዙን በሶፍት ጥረጉና ብርሃን ወደማያስገባው የካሜራው የላሜራ መያዣ ክተቱት። ከዚህ ቅጽበት ጀምሮ አንስቶ ማጠቢያው ላይ እስከ መድረስ እዚህ ከተማ 5 ደቂቃ አላችሁ በሉ። መጻሕፍቱ 10 ይሏችኋል።

ሰውና ብርሃን

ኮሎዲዮን የሚያየው ሰማያዊውንና ለዓይን የማይታየውን አልትራቫዮሌት ነው። ይህን ካልተረዳችሁ ፎቶው ሁሉ እንቆቅልሽ ይሆንባችኋል። ባንዲራችንን ብታነሱ አረንጓዴው፣ ቢጫውና ቀዩ ሦስቱም ጥቁር ይሆናሉ፤ መሃል ያለው ሰማያዊ ክብ ብቻ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ታክሲ ሙሉ ለሙሉ ነጭ ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ሰማይ ባዶ ነጭ ነው። ነጠላ ያበራል፤ ጥለቱ ቀይና ወርቃማ ከሆነ እንደ ከሰል ይጠቁራል። ሰው ስትጋብዙ ምን ለብሶ እንደሚመጣ ቀድማችሁ ንገሩት።

የእኛ ቆዳም ከዓይናችን በላይ ጠቁሮ ይወጣል። መጀመሪያ እነዚያ የውጭ ሴኮንዶች ለምን ፊት እንደሚያጠፉብኝ ግራ ገብቶኝ ነበር። ለነጭ ቆዳ የተለኩ ናቸው፤ ሌላ ነገር የለውም። መፍትሔው ፀሐይ ፊት ላይ መልቀቅ አይደለም፤ ዓይን ያጨፍናል፣ ከቅንድብ ስር ጉድጓድ ይሠራል። ሰውየውን ክፍት ጥላ ውስጥ፣ ብሩህ ሰማይ በጎኑ እንዲመጣለት አድርጋችሁ አስቀምጡ። በሌላው ጎን ሁለት ሜትር ነጭ አቡጀዲ ወጥራችሁ አቁሙ። ጉንጭና ግንባር ላይ ስስ ቫዝሊን ይቀባ። ቆዳው ብርሃን ሲመልስ የፊቱ ቅርጽ ይወጣል። በዚህ ሂደት የወጣ ያገራችን ሽማግሌ ፊት፣ የእያንዳንዱ መስመር ጥልቀት፣ ስልክ ላይ በጭራሽ የማታዩት ነው።

ሰዓቱ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ያለው ነው። 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትሆናለች። በክረምት ደመናው ውስጥም ይሠራል፣ ጊዜውን ሁለትና ሦስት እጥፍ ካደረጋችሁ።

ጊዜውን በሙከራ አውጡ። በሌንሱ 5.6 ቀዳዳ (f/5.6)፣ ክፍት ጥላ ውስጥ፣ የመያዣውን መከለያ ሙሉ አውጥታችሁ 2 ሴኮንድ ስጡ። ከዚያ ሩቡን ሸፍናችሁ 2 ሴኮንድ፣ ግማሹን ሸፍናችሁ 2፣ ሦስት ሩቡን ሸፍናችሁ 2። አንድ ላሜራ ላይ 2፣ 4፣ 6 እና 8 ሴኮንድ ታገኛላችሁ። እኔ በጥሩ የበጋ ጠዋት ከ4 ሴኮንድ ነው የምጀምረው።

የተቀማጩ ጭንቅላት ይወዛወዛል። ራሱ አይታወቀውም። ድሮ ከጀርባ የብረት ድጋፍ ያደርጉ ነበር። እኔ ወንበሩን ግድግዳ አስጠግቼ፣ አናቱን እንዲያስደግፍ አደርጋለሁ። መርገብገብ ችግር የለውም፣ መሳቅ ግን ችግር ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ እቆጥራለሁ። ልጆችን አትሞክሩ፤ ተኝተው ካልሆነ።

ከግቢ ወጥታችሁ ልትሠሩ ካሰባችሁ ደግሞ ፈቃድ ይዛችሁ ውጡ። ባለ ሦስት እግር ላይ የቆመ ትልቅ የእንጨት ሳጥን፣ ጥቁር ጨርቅ የተከናነበ ሰው፣ አራት ኪሎ ቤተ መንግሥቱ አካባቢ... ምን እንደሚመጣ መገመት ነው። እስክታስረዱ ደግሞ ላሜራው ደረቀ።

ማጠብ

ቀይ መብራት ስር ላሜራውን ጠፍጣፋ ያዙት። ዲቨሎፐሩን ከአንድ ጠርዝ፣ በአንድ ጊዜ፣ እንደ መጋረጃ አልብሱት። ከላይ አታፍስሱበት፤ ያረፈበት ቦታ ብሩን ጠርጎ ጥቁር ክብ ይተዋል። መጠኑ ፊቱን ለመሸፈን የሚበቃ ብቻ ይሁን፣ ከጠርዝ አይፍሰስ። ከ12 እስከ 20 ሴኮንድ ነው። መጀመሪያ ነጩ፣ ቀጥሎ ግንባር፣ ቀጥሎ ልብሱ ይወጣል። የጥቁሩ ውስጥ ዝርዝር ሊመጣ ሲል ወዲያው ብዙ ውሃ። "ትንሽ ልጨምርለት" ያላችሁ ጊዜ ጉም ይመጣል።

ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ዲቨሎፐሩ በረዶ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ጠርሙሱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቁሙት፣ 20 ዲግሪ እስኪደርስ። ዲቨሎፐሩን ብቻ ነው የምላችሁ። ኮሎዲዮን አይሞቅም።

ውሃው እኩል ሲንሸራተት መብራት ማብራት ይቻላል። ምስሉ ሰማያዊ ወተት ይመስላል፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ የተገለበጠ ነው። አሁን የተነሳውን ሰው ጥሩት። ላሜራውን ሃይፖ ውስጥ አስገቡ። ወተቱ ሲገፈፍ ከስሩ ፊት ይወጣል። አንዲት እናት "በስመ አብ!" ብለው አማትበዋል። ከጠራ በኋላ የዚያኑ ያህል ጊዜ ጨምሩለት።

የቧንቧ ውሃ ካለ 20 ደቂቃ በቀስታ ይታጠብ። ከሌለ ሳፋ ውስጥ በየ3 ደቂቃው ውሃውን እየቀየራችሁ 8 ጊዜ።

ሲበላሽ

ጭራ ያለው ኮከብ የመሰለ ነጠብጣብ ካያችሁ ኮሎዲዮኑ ውስጥ ያልተጣራ ቅንጣት አለ፤ ጠርሙሱን አንድ ቀን ሳትነኩ አቁሙትና ከላይ ያለውን ብቻ ቅዱ። ጠርዝ ላይ እንደ ካርታ የተዘረጋ ግራጫ ቆሻሻ ከመያዣው ነው የሚመጣው፤ በየላሜራው መሃል ጥረጉት። ሙሉ ጉም ሲሆን ግን ተጠርጣሪው ብዙ ነው፤ ብርሃን ገብቶ ይሆናል፣ ማጠቡ ረዝሞ ይሆናል፣ የብሩ ውሃ ቆሽሾ ይሆናል። መጨረሻው ከሆነ ቤኪንግ ሶዳ ትንሽ ጨምራችሁ፣ በግልጽ ጠርሙስ፣ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አውሉት። ጥቁሩ ከታች ይተኛል። አጥሩት፣ ፒኤቹን መልሱ። በዚህ ሥራ የከተማችን ፀሐይ ወደር የላትም።

ስልኩ የት ይግባ

ብዙ ሰው "ፊልተር አለ አይደል?" ይለኛል። አለ። ያረጀ የሚያስመስል አቧራና ጭረት ይደረድራል። እውነተኛው ላሜራ ግን ንጹህና የሰላ ነው፤ የሚያስረጀው እኛ ነን፣ ስናበላሽ።

ስልኩ በሌላ በኩል ይጠቅማል። ከማፍሰሳችሁ በፊት ሰውየውን በስልክ አንሱትና ማስተካከያው ውስጥ ጥቁርና ነጭ ከሰማያዊ ማጣሪያ ጋር አድርጉት። ላሜራው የሚያየውን በግምት ታያላችሁ፤ ጥለቱ ይጠቁር እንደሆነ፣ ፊቱ ይጠፋ እንደሆነ። አንድ ላሜራ ያድናል። የስልኩን የብርሃን መለኪያ ግን አትመኑ። የሚለካው ዓይን የሚያየውን ነው። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ ወርቃማው ብርሃን ለስልኩ በቂ ነው፣ ለኮሎዲዮን ግን መሽቷል።

ሲደርቅ ስካን አድርጉት፣ 1200 ዲፒአይ ይበቃል። በስልክ ካነሳችሁት ጥቁር ጨርቅ ከፊቱ ዘርጉ፣ አለዚያ የራሳችሁ ነጸብራቅ ይገባል። ምስሉ ቀኙ ግራ ነው፤ ሰዓት በሌላው እጅ፣ ጽሑፍ ተገልብጦ። ለቴሌግራም የሚላከውን መልሳችሁ ገልብጡ፣ ላሜራውን ግን እንዳለ ስጡ። ሰው የራሱን ፊት የሚያውቀው በመስታወት ነውና ብዙዎቹ የላሜራውን ነው የሚወዱት።

መቀባትና ትርፉን ማስወገድ

ያልተቀባ ብር በወራት ውስጥ ይጠቁራል። የጥንቱ ቫርኒሽ ሳንዳራክ ከተባለ ሙጫ፣ ከአልኮልና ከላቬንደር ዘይት ይሠራል። ሳንዳራክ ካጣችሁ የድሮ አናጺዎች የቤት ዕቃ የሚያብረቀርቁበት ሸላክ፣ በአልኮል ቀጥኖና ተጣርቶ፣ ይሆናል፤ ትንሽ ሞቅ ያለ ቀለም ይሰጠዋል። ላሜራውን እጅ እስኪያቃጥል ሳይደርስ አሙቁ፣ እንደ ኮሎዲዮን አፍስሱ፣ እንደገና አሙቁ። ይህን ሁሉ ኮሎዲዮኑ ተዘግቶ ከተነሳ በኋላ፣ በሌላ ቀን። ከመቀባታችሁ በፊት ጀርባው ላይ በምስማር ቀንና ስም ጫሩ።

ያልወጣላችሁን አልሙኒየም ሳይደርቅ በስፖንጅ ፈትጉት፤ ደጋግሞ ያገለግላል። ኮሎዲዮን የነካው ጥጥና ወረቀት ሲደርቅ እንደ ባሩድ ነው፤ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አስቀምጡ እንጂ ቅርጫት አትጣሉ።

ያረጀውን ሃይፖ ቦይ ውስጥ አትድፉ። ቦዩ የሚወርደው ወንዙ ጋ ነው፣ በውስጡም ብር አለ። ክዳን ያለው ጀሪካን ውስጥ አጠራቅሙና የድስት መፈተጊያ የብረት ሽቦ ክተቱበት። ሽቦው እየሟሟ ብሩ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ከታች ይተኛል። የእኔ አንድ ዓመት ሥራ ግማሽ የማር ጠርሙስ ጭቃ ወጥቶታል። ፒያሳ ለአንድ ወርቅ ሠሪ ወስጄ አሳየሁት። አገላብጦ አየው፣ አሸተተው።

"ኪሎ ሲሞላ ተመለስ" አለኝ።